በአርምሞ የሚደረግ ጸሎትና የዕለት ኑሮ



ከጉለሌ ተነሥቶ በማለዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው፥ ጸሎት ለዕለት ኑሯችን ምን ይጠቅማል ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ማር ይስሐቅን፥ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን የሚያነቡ መነኮሳት፥ በአርምሞ የሚደረግ ጸሎት የተበተነውን ሐሳብ እንደሚሰበስብ ሲያስተምሩ ኖረዋል። የዛሬ ሊቃውንት ደግሞ ይህንኑ በመሣሪያ ለመለካት ሞክረዋል።

ሉቺያኖ በርናርዲ የተባሉ ኢጣልያዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፥ 23 ጤነኞች የመቍጠሪያ ጸሎት በላቲን ቋንቋ እንዲደግሙ አደረጉ። የደጋሚዎቹም ትንፋሽ በደቂቃ ወደ 6 ጊዜ ያህል ዝግ አለ፤ ሰውነታቸው የደም ግፊትን የሚያስተካክልበት ኀይልም ጨመረ። ነገር ግን የሕንዶች የዮጋ ቃል ሲደገምም ያው ውጤት ታየ። እንግዲህ መሣሪያው የለካው የትንፋሽን እርጋታ ነው እንጂ የእምነትን እውነተኛነት አይደለም።

በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 1,802 ሕሙማን ተመለከተ። ሌሎች ሰዎች ስለ ጸለዩላቸው ከሕክምናው በኋላ የሚደርሰው የጤና መታወክ አልቀነሰም። ስለዚህ የሚጸልየው ሰው ለራሱ የሚያገኘው ዕረፍትና ለሌላው የሚለምነው ፈውስ፥ በጥናት ረገድ ለየብቻቸው የሚታዩ ነገሮች ናቸው።

ይህን ለይቶ ማወቅ ለአገራችን የሕይወት ጕዳይ ሆኖ ታይቷል። አንዳንድ የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ጠበል በመግባታቸው መድኃኒታቸውን ትተው ስለ ነበረ፥ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉና መድኃኒቱ ባንድነት ሊወሰዱ እንደሚገባ አሳሰቡ። የአእምሮ ሐኪሞችም በእንጦጦ ማርያም ከጠበሉ አገልጋዮች ጋር ተባብረው ሕሙማንን የረዱበት ሥራ በ2021 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት ወጥቷል።

ዶሴ ተከምሮበት፥ ባለጕዳይ በደጁ ተሰልፎበት ልቡ የሚታወክ የመንግሥት ሠራተኛ፥ ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ በጸጥታ ቢጸልይ መንፈሱ ይረጋለታል። እንቅልፍ አጥቶ ቢሰነብት ወይም ሐዘን ቢጸናበት ግን፥ ወደ ሐኪም መሄድ የእምነት ጕድለት አይምሰለው። ቤተ ክርስቲያኑ በተራራው ላይ፥ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም ከታች በጉለሌ ይገኛሉ፤ ለአንዱ ብሎ ሌላውን መተው አያስፈልግም።