ጫማ ለእግር እንጂ ለዓይን አይገዛም

ከምንለብሰው ሁሉ ሥራ የሚበዛበት ጫማ ነው። ኮት ቢጠብ ቁልፉን መፍታት፣ ቢሞቅም አውልቆ በክንድ ላይ ጣል አድርጎ መሄድ ይቻላል። ጫማ ግን ከጧት እስከ ማታ የባለቤቱን ሙሉ ክብደት ተሸክሞ፣ ጠጠሩንና ጭቃውን ተቋቁሞ የሚውል ስለ ሆነ፣ ቢቆረቁርም በመንገድ ላይ ወልቆ አይያዝም። ይህን ያህል አገልግሎት የሚፈለግበት ዕቃ በጥንቃቄ ሊመረጥ ሲገባው፣ ብዙውን ጊዜ የሚገዛው በመደብሩ መስተዋት ውስጥ አብረቅርቆ በመታየቱና ጫፉ ሾጠጥ በማለቱ መሆኑ ያስገርማል።

በተለይም ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የያዘ ወጣት፣ ከመጀመሪያዎቹ ደመወዞቹ በአንዱ ጥሩ የቆዳ ጫማ ለመግዛት ማሰቡ የተለመደ ነው። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ጫማው ተረከዝ ሲልጥና ጣት ሲያጣብቅ፣ ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ አንደኛ በኪሱ፣ ሁለተኛ በእግሩ። ስለዚህ ስለ ጫማ አመራረጥና አያያዝ ጥቂት ነገር ልንገልጽ ወደድን።

ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

«ቁጥርህ ስንት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሁሉ «41» ወይም «42» ብሎ ለመመለስ አያመነታም። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። በገበያችን የተለመደው ይህ ቁጥር የፈረንሳዮች አቆጣጠር ሲሆን፣ አንዱ ቁጥር ከሚቀጥለው የሚለየው በሴንቲሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው። እንግዲህ 42 ቁጥር ማለት 28 ሴንቲሜትር ይሆናል። እንግሊዞች ደግሞ የሚቆጥሩት በገብስ ቅንጣት ርዝመት ነው፤ ይኸውም የአንድ ኢንች ሢሶ፣ ማለት 8 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነው።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ 28 ሴንቲሜትር የተባለው የእግሩ ርዝመት ሳይሆን ቆዳው ተወጥሮ የሚሠራበት የፎርማው ርዝመት ነው። ፎርማው ደግሞ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ስለዚህ የአንዱ 42 ለሌላው ሠሪ 41 ቢመስል የሚያስደንቅ አይደለም። ከዚህም በላይ ቁጥሩ ስለ ርዝመት እንጂ ስለ ስፋት የሚናገረው የለም። በአሜሪካ በሲራኪዩዝ ከተማ የጫማ ነጋዴ ልጅ የነበረው ቻርልስ ብራኖክ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹ የሠራው መለኪያ ሦስት ነገር የሚለካው ስለዚህ ነው፤ ከተረከዝ እስከ ጣት ጫፍ፣ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ሥር አንጓ፣ እንዲሁም የእግሩን ስፋት።

በዚያው ዘመን በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ መደብሮች ውስጥ፣ እግርን ከነጫማው በራጅ የሚያሳይ ሣጥን ይቆም ነበር። ደንበኛው አጥንቱን በዓይኑ እያየ ይገዛ ነበር ማለት ነው። ጨረሩ ጉዳት እንዳለው ሲታወቅ ግን መሣሪያው ከ1950ዎቹ ጀምሮ እየተከለከለ ቀረ። የጫማን ልክ ለማወቅም ራጅ አያስፈልግም፤ የራስ እግር በቂ ምስክር ነው።

እግሩን እንጠይቀው

ጫማ ለመለካት የሚመረጠው ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። እግር ቆሞና ሲሄድ ስለሚውል ወደ ማታ ጥቂት ያብጣልና፣ በጧት የተመቸ ጫማ በአሥር ሰዓት ሊጠብ ይችላል። የሚለካውም ከጫማው ጋር በሚደረገው ካልሲ ነው፤ ለሱፍ ልብስ የታሰበውን ጫማ በወፍራም የስፖርት ካልሲ መለካት ራስን ማታለል ነው። ደግሞም የብዙ ሰው አንዱ እግር ከሌላው በጥቂቱ ስለሚበልጥ፣ ሁለቱንም ለክቶ ለትልቁ እግር ልክ የሆነውን መውሰድ ይገባል። ለትንሹ ንጣፍ ቢጨመር ይስተካከላል፤ አጥሮ የተገዛውን ግን የሚያረዝመው የለም።

ከዚያ በኋላ ማሰሪያውን አስሮ፣ ቆሞ መመርመር ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሴንቲሜትር ወይም ጥቂት የሚበልጥ ባዶ ቦታ መኖር አለበት፤ ረጅሙ ጣትም ሁልጊዜ አውራ ጣት አለመሆኑን ማስታወስ ነው። ጫማው የሚታጠፍበት ቦታ የእግሩ አንጓ ከሚታጠፍበት ጋር አንድ ካልሆነ፣ ርዝመቱ ልክ ቢሆን እንኳ ቆዳው ያለ ቦታው ይሸበሸባል። የማሰሪያው ቀዳዳዎች ያሉባቸው ሁለት ክንፎች በአዲስነታቸው ጨርሰው ከተገጣጠሙ ጫማው ሰፊ ነው፤ ቆዳው ሲለሰልስ ማሰሪያው የሚጠብቅበት ቦታ አያገኝምና። እጅግ ተራርቀው ከቀሩም ጠባብ ነው። ተረከዝ በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ቢል ሶሉ ገና ስላልለሰለሰ ሊሆን ይችላል፤ በየእርምጃው ሾልኮ የሚወጣ ከሆነ ግን ጫማው ይመለስ።

ሻጩ «ሲጫሙት ይሰፋል» ማለቱ አይቀርም። ነገሩ ግማሹ እውነት ነው። ቆዳ በስፋቱ ጥቂት ይለቃል፤ በርዝመቱ ግን አይጨምርም። ጣቱ ጫፍ የነካ ጫማ ዛሬም ነገም ያው ነው። በጠባብ ጫማ የኖረ እግር ጥፍሩ ወደ ሥጋ ይገባል፣ አንጓውም ያብጣል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ የእግሩ ስሜት ሊቀንስ ስለሚችል ጫማው ሲልጠው ሳይሰማው ቁስሉ ሊከፋበት ይችላል።

ልክ ሆኖ የተገዛውም ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ከመርካቶ እስከ አራት ኪሎ በእግር ሊሄዱበት አይገባም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ መጀመሪያ በቤት ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያም ግማሽ ቀን እያሉ ማለማመድ ነው።

ስለ ቆዳውና ስለ ስፌቱ

ጥሩ ቆዳ በአውራ ጣት ቀስ ብለው ሲጫኑት ደቃቅ ሽብሽብታ ያሳያል፤ ሲለቁትም ይመለሳል። ፊቱ ተፍቆ በወፍራም ቀለም የተሸፈነው ግን እንደ መስተዋት ያበራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በሚታጠፍበት ቦታ ይሰነጣጠቃል። ሶሉ በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀ ጫማ ርካሽና ቀላል ነው፤ ሶሉ ሲያልቅ ግን ብዙውን ጊዜ ጫማውም ያልቃል። በዙሪያው የቆዳ ጠርዝ ተሰፍቶ ሶሉ ከዚያ ጠርዝ ጋር የተሰፋው ደግሞ፣ የላይኛው ቆዳ ሳይነካ አዲስ ሶል ይቀበላል። በተጣበቀ ሶል ላይ ለጌጥ ብቻ ክር የሚታይበት ጊዜ ስላለ ጠይቆ መግዛት ይሻላል።

ባያያዝ ይቀደዳል

ባነጋገር ይፈረዳል፣ ባያያዝ ይቀደዳል ይባላል። ጫማን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ዕረፍት ማጣት ነው። እግር ቀኑን ሙሉ ሲያልበው ገበሩና የውስጡ ቆዳ እርጥበቱን ይጠጣሉ፤ ይህም በአንድ ሌሊት አይደርቅም። ሁለት ጫማ እያፈራረቁ የሚጫማ ሰው ሁለቱም ዕድሜያቸው ይረዝምለታል። የሚያርፈው ጫማ የእንጨት ፎርማ ቢገባበት መልካም ነው፤ ካልተገኘ የተጨማደደ ጋዜጣ እርጥበቱን ይመጣል፣ ቅርጹንም ይጠብቃል።

በክረምት የራሰ ጫማ በከሰል ምድጃ አጠገብ ወይም በፀሐይ መድረቅ የለበትም፤ ቆዳው ይጨማተራል፣ ይሰነጠቃልም። ጋዜጣ ሞልተው፣ ሶሉ አየር እንዲያገኝ በጎኑ አጋድመው በጥላ ያደርቁታል። ጭቃው በብሩሽ የሚራገፈው ከደረቀ በኋላ ነው። በፌስታል ቋጥሮ ማስቀመጥም ሻጋታ መጋበዝ ነው።

ለመወልወል ማሰሪያውን ማውጣት፣ አቧራውን በብሩሽ ማራገፍ፣ በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ ማጽዳትና እስኪደርቅ መጠበቅ ይቀድማል። ከዚያ ቆዳውን የሚያለሰልሰው ቅባት በስሱ ይቀባል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ በፈረስ ፀጉር ብሩሽ ይቦረሻል። ሰም ያለበት ቀለም የሚያስፈልገው በይበልጥ ለጫፉና ለተረከዙ ነው፤ በሚታጠፍበት ቦታ የተከማቸ ሰም ይፈረካከሳልና። ፀጉራም መልክ ያለው ቆዳ ግን በደረቅ ብሩሽ ብቻ ይጸዳል።

ሥራውን ለሊስትሮ የሚሰጥ ሰውም ነውር የለበትም። ካልሲው ቀለም እንዳይነካው ካርቶን የሚሸጉጡት የመንገድ ዳር ባለሙያዎች እጃቸው የለመደ ነው። ብቻ ውኃውን እንዲያሳንሱና ሳይደርቅ ቀለም እንዳይቀቡ መንገር ይገባል። «ሊስትሮ» ሆነ «ታኮ» ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ታኮው ከተነሣ ዘንድ፣ በአንድ ወገን ተበልቶ አረማመድን ሳያጣምም አስቀድሞ ማስለወጥ ትልቅ ወጪ ያድናል። ጫማን ሳይፈቱ ተረከዙን ረግጦ ማውለቅና መግባትም የኋላውን ቆዳ ይሰብራል።

እንግዲህ ወጣቱ ሠራተኛም ሆነ ተማሪው ጫማ ሊገዛ ሲወጣ ከመስተዋቱ ፊት ከመቆሙ በፊት በመደብሩ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይራመድ። እግሩ «አይሆንም» ካለው፣ ዓይኑ የቱን ያህል ቢወደውም ትቶት ይውጣ። ልክ ሆኖ የተገዛና በወጉ የተያዘ አንድ ጫማ፣ በየዓመቱ ከሚለዋወጡ ሦስት ጠባብ ጫማዎች ይልቅ ለባለቤቱ ያተርፋል።