በሁለት አገር የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎችና ተሸጋጋሪ የግብር ማካካሻ

በአሜሪካ ከሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች፣ ነርሶችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎች መካከል ከዓመቱ የተወሰነውን ጊዜ በአገር ቤት በማከምና በማስተማር የሚያሳልፉ አሉ። ለዚህ አገልግሎት ደመወዝ ሲከፈላቸው የኢትዮጵያ ግብር አስቀድሞ ይቀነሳል። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ የአገሪቱ ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላቸው ሰዎች ገቢያቸውን ከየትም ቢያገኙት እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። በሁለቱ አገሮች መካከል የገቢ ግብር ስምምነት ባለመኖሩ፣ ባለሙያውን ከተደራራቢ ግብር የሚጠብቀው ዋነኛ መንገድ በአሜሪካ ሕግ የተፈቀደው የውጭ አገር ግብር ማካካሻ ነው።

የማካካሻው ገደብ

ለውጭ አገር የተከፈለው ግብር ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ይካካሳል ማለት አይደለም። ገደቡ የሚገኘው የውጭው ገቢ ከጠቅላላው ግብር የሚከፈልበት ገቢ ያለው ድርሻ በአሜሪካው ግብር ሲባዛ ነው። ስሌቱ በቅጽ 1116 የሚሠራ ሲሆን፣ እንደ ደመወዝና እንደ ወለድ ያሉ ገቢዎች በየምድባቸው ለየብቻ ይሰላሉ። ከገደቡ የተረፈው በቅድሚያ ወደ ቀደመው 1 ዓመት ይመለሳል፤ በዚያ ቦታ ካላገኘ ለሚቀጥሉት 10 ዓመታት ይሸጋገራል። በየዓመቱ የዚያው ዓመት ግብር መጀመሪያ ይካካሳል፤ ቀጥሎ ከተሸጋገሩት ውስጥ አሮጌው ይቀድማል። ይህም የአገልግሎት ጊዜው ቀድሞ የሚያልቀውን መድኃኒት አስቀድሞ ከማውጣት ጋር ይመሳሰላል። ጊዜው ያለፈበት ቀሪ ማካካሻ ግን ከናካቴው ይቀራል።

አማራጭ ዝቅተኛ ግብር

አማራጭ ዝቅተኛ ግብር ከመደበኛው ጎን ለጎን የሚሠራ ሁለተኛ ስሌት ነው። በዚህ ስሌት አንዳንድ ተቀናሾች፣ ለምሳሌ ለክፍለ ግዛት የተከፈለ የገቢ ግብር፣ አይፈቀዱም፤ መጣኔዎቹም 26 እና 28 በመቶ ናቸው። ውጤቱ ከመደበኛው ግብር ከበለጠ ልዩነቱ በተጨማሪነት ይከፈላል። የውጭ ግብር ማካካሻ እዚህም ይሠራል። ቀድሞ ከአማራጩ ግብር 90 በመቶውን ብቻ ይሸፍን የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሕግ ይህን ጣሪያ ከ2005 ጀምሮ አንሥቶታል። ሆኖም የገቢው መጠን በሁለቱ ስሌቶች ስለሚለያይ ገደቡም፣ የሚሸጋገረው ቀሪም ይለያያል።

ለማስላት እንዲመች ክብ ቁጥሮችን በመውሰድ አንዲት ሐኪም በኢትዮጵያ 40,000 ዶላር የሚያህል ገቢ አግኝታ 12,000 ዶላር ግብር ከፍላለች እንበል። በመደበኛው ስሌት ጠቅላላ ገቢዋ 200,000፣ ግብሩ 40,000 ዶላር ቢሆን፣ የውጭው ድርሻ አንድ አምስተኛ ስለሆነ ገደቡ 8,000 ይሆናል፤ 4,000 ዶላር ይተርፋል። በአማራጩ ስሌት ገቢዋ 240,000፣ ግብሩ 36,000 ዶላር ቢሆን ድርሻው አንድ ስድስተኛ፣ ገደቡም 6,000 ነው፤ የሚተርፈው 6,000 ዶላር ይሆናል። ከማካካሻው በኋላ መደበኛው 32,000፣ አማራጩ 30,000 ዶላር ስለሆነ በዚያ ዓመት ተጨማሪ ግብር የለባትም። ይሁን እንጂ ሁለት የተለያዩ ቀሪዎች ተፈጥረዋል። ከዓመታት በኋላ አማራጩ ግብር ቢመጣባት የሚያገለግላት ሁለተኛው ቀሪ ነው። በመዝገብ ካልያዘችው ግን የሚገባትን ማካካሻ በማስረጃ ለማሳየት ትቸገራለች።

ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች

ከውጭ የተገኘ የሥራ ገቢን ከግብር ነጻ የሚያደርገውን ድንጋጌ የተጠቀመ ሰው ነጻ በሆነው ገቢ ላይ የተከፈለውን ግብር ማካካስም ሆነ ማሸጋገር አይችልም። የውጭውን ግብር ከማካካስ ይልቅ ከገቢው ተቀናሽ ማድረግን በመረጠበት ዓመትም የ10 ዓመቱ ቆጠራ አይቆምም፤ ማካካሻውን መርጦ ቢሆን ኖሮ የሚሠራበት ያህል ከተሸጋገረው ቀሪ ላይ ይቀነሳል። ለአማራጩ ግብር የተፈቀደውን ቀላል የገደብ ስሌት የሚፈልግም ማካካሻውን በዚህ ግብር ላይ በጠየቀበት የመጀመሪያ ዓመት መምረጥ አለበት፤ የመረጠውንም ያለ ግብር ባለሥልጣኑ ፈቃድ መተው አይችልም።

ስለዚህ ባለሙያው በኢትዮጵያ ግብር የከፈለበትን ማስረጃ፣ የተጠቀመበትን የምንዛሪ ተመንና የሁለቱን ስሌቶች ቀሪ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ለየብቻ መዝግቦ ሊይዝ ይገባል። የሒሳብ ባለሙያ ቢቀይርም ሁለቱን መዝገቦች ለአዲሱ ማስረከብ፣ የሕመምተኛን ካርድ ሕክምናውን ለሚቀጥለው ሐኪም የማስተላለፍን ያህል አስፈላጊ ነው።