ጥሬ፣ ለብለብ ወይስ የበሰለ? ክትፎ ከማዘዛችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቻችሁ ጋር ክትፎ ቤት ተቀምጣችኋል እንበል። የአስተናጋጁ ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ጥሬ፣ ለብለብ ወይስ የበሰለ?» ብዙ ሰው «እኔ ጥሬ አልበላም፣ ለብለብ ነው የማዘው» ብሎ ምንም እንደማይነካው ያስባል። እውነት ለብለብ ያድናል? የዛሬው ጉዳያችን ይኼ ነው።

የኮሶ ትል ከየት ይመጣል?

የኮሶ ትል ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ሣሩ ላይ ይቀራል። ከብቱ ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉን አብሮ ይውጣል። ከዚያ ጡንቻው ውስጥ ገብቶ ውሃ የቋጠረች ትንሽ ከረጢት ይሆናል። ሥጋውን በደንብ ሳይበስል ስንበላው ትሉ ከከረጢቷ ወጥቶ አንጀታችን ላይ ይጣበቃል። ከ2 እስከ 3 ወር ውስጥ አድጎ ብዙ ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ ካልታከመ ለዓመታት ይቆያል።

ለብለብ ለምን አይበቃም?

ከረጢቷን የሚገድላት በቂ ሙቀት ነው። የተከተፈ ወይም የተፈጨ ሥጋ ውስጡ ድረስ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲደርስ ይመከራል። ለብለብ ላይ ግን ቅቤው ይቀልጣል፣ ሥጋው ሞቅ ይላል፣ ውስጡ እንደቀላ ነው። በዚያ ላይ ሥጋ ሲከተፍ ላዩ ላይ የነበረ ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ይቀላቀላል።

«ሚጥሚጣው ይገድለዋል» የምትሉ፣ ሚጥሚጣ የሚያቃጥለው ምላሳችሁን ነው። «አረቄ አወራርድበታለሁ» የሚለውም አይሠራም። የቄራ ማህተም ያለው ሥጋ መምረጥ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ምርመራው የተወሰኑ የሥጋ ክፍሎችን ቆርጦ በዓይን ማየት ስለሆነ ጥቂት ከረጢት ያለበት ሥጋ ሊያመልጥ ይችላል።

ጉርሻውስ?

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» እንላለን አይደል? ለኮሶ ትል ግን አንድ ጉርሻ ይበቃዋል፤ አንዲት ከረጢት አንድ ትል ትሆናለች። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነፍሰ ጡር እህታችን ናት። ለራሷ የበሰለ አዝዛ፣ ከጎኗ ያለው ሰው በፍቅር ከጥሬው ያጎርሳታል። ያልበሰለ ሥጋ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተህዋስም ሊይዝ ይችላል። በእርግዝና ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ወደ ጽንሱ ሊተላለፍ፣ ውርጃ ሊያስከትል፣ የልጁን አንጎልና ዓይን ሊጎዳ ይችላል። የበሽታ መከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎችም አደገኛ ነው። ስለዚህ «ለእሷ ከበሰለው ብቻ» ማለት ነውር አይደለም።

ምልክቱ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ምንም አይሰማውም። አንዳንዱ የሆድ ምቾት ማጣት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መለዋወጥ ወይም ክብደት መቀነስ ይኖረዋል። ብዙዎችን ወደ ሐኪም የሚያመጣቸው ሰገራ ወይም የውስጥ ልብስ ላይ የሚታይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ አንዳንዴም የሚንቀሳቀስ ቁራጭ ነው። ካያችሁ አትፈሩ፣ አትፈሩም ብላችሁ ግን ዝም አትበሉ። ፎቶ አንስታችሁም ቢሆን ለሐኪም አሳዩ።

ሕክምናው ቀላል ነው። ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ተወስዶ ያበቃል። መጠኑ ግን እንደ ሰውየው ስለሚለያይ ከፋርማሲ በግምት ገዝታችሁ አትዋጡ። ባህላዊውን ኮሶ መጠጣትም አልመክርም፤ መጠኑ አይታወቅም፣ ሊጎዳም ይችላል። በተለይ ነፍሰ ጡር ሴት በፍጹም!

ቀጣዩ እራት ላይ፦

👉 «ውስጡ ቀይ እስኪጠፋ የበሰለ» ብላችሁ በግልጽ እዘዙ። ቀይ ሆኖ ከመጣ መልሱት፤ ገንዘባችሁን ነው የከፈላችሁት።
👉 ጥሬውና የበሰለው በተለያየ ሳህን ይቅረብ፤ ቢላውም ይለይ።
👉 ከመብላታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።
👉 ጥሬ ሥጋ የምታዘወትሩ ከሆነ ምልክት ባይኖራችሁም የሰገራ ምርመራ አድርጉ።

በደንብ የበሰለ ክትፎም በቅቤና በሚጥሚጣው፣ በአይብና በጎመኑ፣ በቆጮው ይጣፍጣል። ክትፎ ለሚወድ ጓደኛችሁ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ላለችበት ቤት፣ ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

መልካም ጤና!