የሥጋ ደዌን ዓይነቶች በጊዜ እንወቅ



የሥጋ ደዌ እርግማን ነው፣ በዘር ይወረሳል፣ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምተን አድገናል። ሦስቱም ስሕተት ናቸው። በሽታውን የሚያመጣው ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. ያገኘው ባክቴሪያ ነው። በአገራችንም በአዲስ አበባ የአለርት፣ በሐረር አቅራቢያ ደግሞ የቢሲዲሞ ሆስፒታሎች ብዙ ወገኖቻችንን አክመው አድነዋል።

ባክቴሪያው ቆዳንና ነርቭን ያጠቃል። ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም 20 ዓመት ይወስዳል። መልኩ እንደ ሰውየው የመከላከል አቅም ይለያያል።

1ኛ. ጥቂት ባክቴሪያ ያለበት፦ ከ1 እስከ 5 የሚሆኑ፣ ዳርቻቸው የሚለይ፣ ደረቅ፣ ስሜት የማይሰጡ ንጣፎች በቆዳ ላይ ይታያሉ።

2ኛ. ብዙ ባክቴሪያ ያለበት፦ ንጣፎቹ ከ5 ይበልጣሉ። ፊትና ጆሮ ላይ እብጠት ሊወጣ፣ ቅንድብ ሊረግፍ፣ አፍንጫ ሊደፈን ይችላል። እዚህ ላይ እንጠንቀቅ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ንጣፉ ስሜት ላያጣ ይችላል።

በሁለቱ መካከል የሚዋልል ዓይነትም አለ። አንዳንዴም ንጣፍ ሳይኖር እጅ ወይም እግር ብቻ ይደነዝዛል፤ እንጀራ ስትጋግር ምጣድ አቃጥሏት ያልተሰማት ሴት ሳትዘገይ ትመርመር።

ከሌላ በሽታ እንዴት እንለየው? ለምጽ ቆዳውን ፍጹም ነጭ ያደርጋል፣ ስሜቱ ግን አይጠፋም። ጭርት ያሳክካል፣ ይቀረፈፋል። የሥጋ ደዌ ንጣፍ ግን ፈዘዝ ወይም ቀላ ያለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አያሳክክም፣ አያምምም። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ንጣፉን በጥጥ ጫፍ ሲነኩት የተነካበትን ካላወቀ ወደ ጤና ባለሙያ ይሂድ። የመጨረሻውን የሚወስነው እርሱ ነው።

ሕክምናው የሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ለመጀመሪያው ዓይነት 6 ወር፣ ለሁለተኛው 12 ወር ይወሰዳል። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነጻ ይታደላል። መድኃኒቱ ሽንትን ሊያቀላ፣ ቆዳን ሊያጠቁር ይችላል፤ ይህ አያስደንግጥዎ። ነገር ግን ንጣፉ በድንገት ቢያብጥ፣ ነርቭ ቢያምም፣ እጅ ቢዝል ወይም ዓይን ቢቀላ በዚያው ዕለት ይታዩ፤ መድኃኒቱንም አያቋርጡ።

በሽታው በመጨባበጥ ወይም ከአንድ መሶብ በመብላት አይተላለፍም። የሚተላለፈው ሕክምና ካልጀመረ ሕመምተኛ ጋር ለረጅም ጊዜ አብሮ በመኖር ነው። ስለዚህ ሕመምተኛውን ማግለል ማንንም አይጠብቅም፤ እንዲደበቅ ብቻ ያደርገዋል። ባክቴሪያውን መድኃኒት ይገድለዋል፤ የተጎዳ ነርቭን ግን ሁልጊዜ አይመልስም። ጣትና ዓይን የሚተርፉት ቀድሞ በመታከም ነው።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶችዎ ያንብቡላቸው።