የታጠነ ጋን፥ የነጻ ሳሕን

በሰሜን ሸዋ ደጋ፥ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ባለው አገር፥ ጠላ የምትጠምቅ ሴት ጋኗን ሳታሰናዳ ወደ ጌሾውና ወደ ብቅሉ እጇን አትሰድም፤ አስቀድማ ጋኑን በግራዋ ቅጠል ትፈትገዋለች፥ ደጋግማም ታለቀልቀዋለች፥ ከዚያም የወይራ ፍልጥ በገል ላይ አጭሳ ጋኑን በላዩ ትደፋበታለች፥ ጢሱም በሆዱ ሞልቶ የሸክላውን ቀዳዳ ሁሉ እስኪዘልቀው ድረስ ትተወዋለች። ይህን ሁሉ የምትደክመው ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ በደንብ ባልታጠነ ጋን የተጣለ ጠላ ያለ ጊዜው እንደሚኮመጥጥ ከእናቷ ተምራለች። እኔም ዛሬ ለአንባቢ ላስተዋውቀው የወደድሁት ጥበብ፥ ማለት የእንጉዳይን ንጹሕ ዘር አጋር በተባለ ማሳ ላይ በቤት ውስጥ የማራባት ጥበብ፥ ባዕድ ቢመስልም ከዚህ ከጋን ማጠን ጋር የቅርብ ዘመድ መሆኑን በገዛ እጄ ሠርቼ፥ በገዛ እጄም አበላሽቼ ተረድቻለሁ።

በክረምት በወፍ ዋሻ ደን ከወደቀ ግንድ ላይ፥ ወይም ከብት በሚውልበት መስክ ላይ ድንገት ብቅ ብሎ የምናየው፥ የአገራችንም ሰው የማይበላውን ዓይነት «የጅብ ጥላ» ብሎ ስም ያወጣለት እንጉዳይ፥ በእውነቱ የፍጥረቱ ሁለንተና ሳይሆን ፍሬው ብቻ ነው። ዋናው አካል ከቅርፊቱ ሥርና ከገለባው ውስጥ ተሰውሮ የሚኖር፥ ከፈትል የቀጠነ ነጭ ድር ሲሆን፥ ሊቃውንቱ ማይሲሊየም ይሉታል፤ ይህም ድር እንደ ዕፀዋት ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የማያሰናዳ፥ እንደ እንስሳም አፍና ሆድ ያልተፈጠረለት፥ ነገር ግን በዙሪያው ያለውን እንጨትና ጭድ ከአካሉ በሚያመነጨው ፈሳሽ አሟምቶ የሚመገብ፥ ከዕፀዋትም ከእንስሳትም ተለይቶ የራሱ ወገን ያለው ፍጥረት ነው። እንግዲህ እንጉዳይ ዘርቶ ለማምረት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባው ይህን ድር ነው፤ ያውም ሻጋታና ባክቴሪያ ሳይቀላቀሉበት ለብቻው። ጠላን የሚያፈላው ብዙ ረቂቃን ሕያዋን በአንድነት የሚሠሩበት ማኅበር ነው፤ የእንጉዳዩ ሳሕን ግን የባሕታዊ በዓት ነው፥ ከአንዱ በቀር ሌላ ማንም አይገባበትም።

የበዓቱ ወለል አጋር ይባላል። አጋር ከቀይ የባሕር አረም የሚወጣ፥ በፈላ ውሃ ሟሙቶ ሲበርድ እንደ ሙቅ የሚረጋ ነገር ሲሆን፥ ስሙ ከማላይ ቋንቋ የመጣ ነው፤ በእኛ ቋንቋ «ረዳት» ከሚለው ቃል ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ብቻ ቢሆንም፥ ስሙ ከሥራው ጋር መስማማቱን ሳላደንቅ አላልፍም። ወደ ጥናት ቤት የገባበት ታሪክ ደግሞ ከጓዳ የተነሣ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ ባክቴሪያዎችን ለያይቶ ለማየት በመጀመሪያ በተቀቀለ ድንች ቁራጭ ላይ፥ ኋላም በጄላቲን ላይ ያበቅላቸው ነበር፤ ጄላቲኑ ግን በበጋ ሙቀት ይቀልጥበት፥ አንዳንዱም ባክቴሪያ ራሱ ያሟሟው ነበርና ድካሙ ብዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 ግን፥ ከኮኽ ጋር ይሠራ የነበረው የዋልተር ሄሰ ባለቤት ፋኒ ሄሰ፥ በወጥ ቤቷ የፍራፍሬ ጣፋጮችን ለማርጋት የምትጠቀምበትን፥ በጃቫ ከኖረ ጎረቤት የተማረችውን አጋር ይሞክሩት ዘንድ መከረች፤ አጋር ከረጋ በኋላ ወደ መፍላት ካልተቃረበ በቀር አይቀልጥምና ነገሩ ሁሉ ተቃና። በ1887 ደግሞ የኮኽ ረዳት የነበረው ዩሊዩስ ፔትሪ ክዳን ያለውን ጠፍጣፋ የመስተዋት ሳሕን አስተዋወቀ። ስለዚህ ይህን ሥራ ዛሬ በጓዳው የሚሞክር ሰው ጥበቡን ወደ ተወለደበት ቤት መለሰው እንጂ አላዋረደውም።

በአገራችን እንጉዳይን ማብቀል በጥናት ከመረመሩት መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዳዊት አባተ ይገኙበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ኦይስተር የሚባለውን እንጉዳይ በባህላዊ የሸክላ ዕቃ ስለ ማብቀል ጽሑፍ አሳትመዋል። ይህ ኦይስተር በጭድና በገለባ ላይ ሳይመርጥ የሚበቅል፥ ለጀማሪ ርኅሩኅ የሆነ ዘር ነው፤ ጾም በሚበዛበት ቤት ደግሞ ሥጋን የሚተካ ጣዕም ያለው ምግብ ነውና፥ ገብስና ስንዴ አብቅቶ ጭዱን ለከብት ከመስጠት ሌላ ብዙ ጥቅም ያላገኘበት የሰሜን ሸዋ ገበሬ ሊያውቀው የሚገባ ይመስለኛል።

ድሩ በአጋር ላይ ይቆማል እንጂ አጋርን አይበላም፤ ምግቡን ልንቀላቅልለት ይገባል። የተለመደው ሥርዓት 200 ግራም የተላጠ ድንች በአንድ ሊትር ውሃ ቀቅሎ፥ ውሃውን አጥልሎ፥ 20 ግራም ስኳርና 20 ግራም አጋር መጨመር ነው። እኔ ግን በገብስ አገር ተቀምጬ ድንች ብቻ ማብሰል አላረካኝምና፥ ለጠላ የተዘጋጀ የገብስ ብቅል ፈጭቼ እጅ በሚያቃጥል ሙቅ ውሃ አንድ ሰዓት ያህል ዘፍዝፌ አጠለልሁት፤ ገብሱ ሲበቅል በውስጡ የሚፈጠረው ኃይል ስታርቹን ወደ ስኳር ስለሚለውጠው፥ የወጣው ውሃ ማር መሰል፥ ለድሩም የተመቸ ሆነ። አጋሩን ግን ከአዲስ አበባ፥ የላቦራቶሪ ዕቃ ከሚሸጥበት መደብር አስመጣሁ።

ስሕተቴን የምናገረው እዚህ ላይ ነው። የያዝሁት መጽሐፍ፥ ምግቡ ያለበት ጠርሙስ ፕሬሸር በሚባለው የእንፋሎት ድስት በ15 ፓውንድ ግፊት ለ15 ደቂቃ ይቀቀል ይል ነበርና እንደ ቃሉ አደረግሁ፤ ኋላም በአሥራ ሁለት ሳሕኖች ቀዳሁት፥ በዐሥሩ ላይ የእንጉዳይ ቁራጭ አኖርሁ፥ ሁለቱን ግን ምንም ሳልጨምርባቸው ለምስክርነት ብቻ ከደንኋቸው። በሦስተኛው ቀን ሳያቸው በሁሉም ላይ እንደ እዥ ያለ ክሬም መልክ ያለው ርጥብ ነጠብጣብ ተዘርግቶ ነበር። እጄ ቆሽሾ ነው፥ ትንፋሼ ገብቶበት ነው እያልሁ ራሴን ስወቅስ ሰነበትሁ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ጠላ ሲጠምቁ የኖሩት፥ እትዬ እያልሁ የምጠራቸው ጎረቤቴ ለቡና መጥተው ሳለ፥ ሳሕኖቹን ሳልከፍት በመስተዋቱ በኩል አሳየኋቸው።

«እነዚህ ሁለቱ ምንም ያልጨመርህባቸው ናቸው አላልህም?» አሉኝ።

«ነው እንጂ፥ እትዬ።»

«እነሱም ተበላሽተዋል። እንግዲህ ልጄ፥ ጥፋቱ የእጅህ አይደለም፤ ጋኑ ሳይታጠን ነው የተጣለው።»

ነገሩ እንዳሉት ነበር። የምኖርባት ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ውሃ በባሕር ዳርቻ እንደሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ገደማ ይፈላል፥ የእንፋሎቱ ድስትም ከውጭው አየር በላይ የሚጨምረው ግፊት ያው ቢሆንም፥ መነሻው ዝቅ ያለ ነውና 121 ዲግሪ መድረስ ሲገባው 116 ላይ ይቆማል። አምስት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዳንድ ባክቴሪያዎች ክፉ ቀን ሲመጣባቸው እንደ ዘር ደርቀው የሚጠባበቁበት ጠንካራ ቅርፊት አላቸውና፥ ያንን ለመግደል በ121 ዲግሪ 15 ደቂቃ የሚበቃው፥ በ116 ዲግሪ ሦስት እጥፍ ያህል ጊዜ ይጠይቃል። መጽሐፉ የተጻፈው ለቆላና ለባሕር ዳር ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ የማበስለው 50 ደቂቃ ነው፥ ጊዜውንም የምቆጥረው አየሩ ሁሉ ከድስቱ ወጥቶ ንጹሕ እንፋሎት ብቻ መንፋት ከጀመረ በኋላ ነው። በአንኮበርም፥ ከደብረ ብርሃን ጥቂት ዝቅ ብትልም፥ ለሚሠራ ሰው ይኸው ይበጀዋል። ምስክር ሳሕን ሳያኖር የሚሠራ ሰው ግን ጥፋቱ ከድስቱ ይሁን ከእጁ ምንጊዜም ለይቶ አያውቅምና፥ ሁለቱን ባዶ ሳሕኖች አደራ እላለሁ።

ድስቱ ከተቃና በኋላ የሚቀረው አየሩ ነው። የሻጋታ ዘር ከአቧራ ጋር ይንሳፈፋል፥ አየር ሲንቀሳቀስ ይነሣል፥ ሲሰክን ይወድቃል፤ ጭድና ኩበት በሚከማችበት የደጋ ቤት ደግሞ ይህ ዘር ከሌላው ስፍራ ይበዛል። ስለዚህ ሥራዬን ከማድ ቤቱ አርቄ በመኝታ ክፍል አደረግሁት፤ የሚያሳይ የላስቲክ ሳጥን ደፍቼ ሁለት እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ በጎኑ ከፈትሁለት፥ ውስጡንም በ70 በመቶ አልኮል ወለወልሁት፤ የጠነከረው አልኮል ቶሎ ይተናል እንጂ እንደዚህ ዘልቆ አይገድልም። አልኮሉ ደርቆ ሽታው ሳይጠፋ እሳት ወደ ሳጥኑ ማቅረብ ግን ሰው የሚያቃጥል ጥፋት ነው፤ ምላጭ የሚግልበት መብራት ሁልጊዜ ከሳጥኑ ውጭ ይሁን፥ የላምባ ኩራዝም ጥላሸት ይተዋልና የአልኮል መብራት ይሻላል። ከዚያ በኋላ አፍንም አፍንጫንም ሸፍኖ በአርምሞ መሥራት ነው።

እንጉዳዩን በቢላ አልቆርጠውም፤ በእጄ ከግንዱ ጀምሬ ለሁለት እቀደዋለሁ፥ በዚህ ጊዜ አየር ነክቶት የማያውቀው ነጩ ውስጠኛ ሥጋ ይገለጣል። ምላጩን በእሳት እስኪቀላ አግዬ በአጋሩ ጠርዝ አበርደዋለሁ፥ ከዚያም የስንዴ ቅንጣት የምታህል ሥጋ አንሥቼ በሳሕኑ መካከል አኖራለሁ፥ ክዳኑንም ከግማሽ ያነሰ ብቻ ከፍቼ ወዲያው እመልሰዋለሁ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከቁራጩ ዙሪያ በጥሩ መነጽር ብቻ የሚታይ የነጭ ጨረር ጭፍራ ይወጣል፤ በሞቀ አገር በአንድ ሳምንት ከጥቂት ቀን ሳሕኑን የሚሞላው ድር በደብረ ብርሃን ሌሊት ብርድ ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። እኔ ሳሕኖቹን በካርቶን አድርጌ፥ ከሙቅ ውሃ ጀሪካን ጋር በዚሁ ከተማ በተሠራ የሱፍ ብርድ ልብስ እጠቀልላቸዋለሁ።

ከሁለተኛው ዙር አንዱ ሳሕን በጠርዙ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነጥብ ይዞ ተገኘ፤ ትራይኮደርማ የተባለው፥ እንጉዳይ አብቃዮች ሁሉ የሚፈሩት ሻጋታ ነበረ። እንዲህ ያለውን ሳሕን አይከፍቱም፥ ዘሩ በክፍሉ ይበተናልና፤ እንደ ተዘጋ በእንፋሎት ድስት ቀቅሎ መጣል ነው። በሌላው ሳሕን ላይ ግን የባክቴሪያ እርጥበት ከቁራጩ ሥር ታይቶ ሳለ ድሩ ቀድሞት ወደ ፊት ሮጦ ነበር፤ እኔም ከሩጫው ግንባር፥ ርኩሱ ገና ያልደረሰበትን ጫፍ ቆርጬ ወደ አዲስ ሳሕን አሻገርሁት፥ ከዚያም እንዲሁ ወደ ሌላ። በሦስተኛው ሳሕን ላይ ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ ነጭ ሆነ። የማጥራቱ ጥበብ ይህ ነው፤ ከርኩሱ ጋር መታገል ሳይሆን ንጹሑን ይዞ ማምለጥ። ነገር ግን ማሻገሩ ሲደጋገም የዘሩ ጉልበት ይደክማልና የመጀመሪያውን ንጹሕ ሳሕን እናት ዘር ብሎ በማቀዝቀዣ ማኖር ይገባል፤ እትዬም ይህን ስነግራቸው እርሾ አብዝቶ ሲሰነብት እንዴት እንደሚከፋ ነግረውኛል።

ከዱር የተለቀመ እንጉዳይ ግን ለዚህ ሥራ አይሁን። ከሳሕን ላይ ሁሉም ነጭ ድር ነው፤ የሚገድለውና የሚበላው በመልክ አይለይም፥ ማጥራትም መርዙን አያጠፋም።

ንጹሑ ድር አሁን ተቀቅሎ በእንፋሎት በጸዳ የስንዴ ፍሬ ላይ በጠርሙስ ውስጥ ነው፤ እያንዳንዷ ፍሬ ጥጥ የለበሰች መስላለች። እትዬ ተሰንጥቀው ጠላ መያዝ የተሳናቸውን ሁለት ጋኖች ለጭዱ ማኖሪያ ሰጥተውኛል። ሁለቱንም በግራዋ ፈትገው ከጨረሱ በኋላ ወይራውን ሲያጨሱ፥ የወይራ ጢስ ድሩንም ሊጎዳ ይችላል ብዬ እንዳያጥኗቸው ለመንኋቸው፤ እርሳቸውም ጥቂት አስበው አንዱን አጥነው ሁለተኛውን ለምስክርነት ሳይታጠን ተዉት። ጭዱ ነገ ጠዋት ይቀቀላል።