ተረትና ሥልጣን በፊልም፦ ከ«ዝቬኒሆራ» እስከ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»

ትውፊት በፖለቲካዊ ፊልም ውስጥ ምን ድርሻ አለው? ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በሁለት ሥራዎች ንጽጽር ይመረምራል።

የዩክሬኑ ኦሌክሳንድር ዶቭዤንኮ በ1928 እ.ኤ.አ. ለዕይታ ያበቃው ድምፅ አልባ ፊልም «ዝቬኒሆራ»፣ በተራራ ውስጥ ተቀብሯል የሚባል ጥንታዊ ሀብት ሲጠብቅ የኖረ ሽማግሌንና ሁለት የልጅ ልጆቹን ታሪክ ያቀርባል። አንደኛው የልጅ ልጅ ሀብቱን ሲያስስ ከአብዮቱ ተቃዋሚዎች ጎን ይቆማል፤ ሌላው አብዮተኛ ይሆናል። በፍጻሜው ሽማግሌው ሊያጠፋው የሞከረው ባቡር ራሱን ሽማግሌውን ያሳፍረዋል። በዚህ አቀራረብ ትውፊቱ የሚሸኘው ዘመን ድምፅ ነው።

የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976 እ.ኤ.አ.) ለባለመሬት የሚገብር ጭሰኛ ቤተሰብን ሕይወት በጥቁርና ነጭ ምስል ያሳያል። ርዕሱ የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ትውፊት ያስታውሳል። ይህ ትውፊት ሕግም ነበር፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ከቀዳማዊ ምኒልክ የዘር ሐረግ ጋር አስሮታል። አንቀጹ በስም የሚጠቅሰው ቅድመ አያት ደግሞ በአንኮበር የነገሡት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። ፊልሙ ያንኑ የዘመን ቁጥር ወስዶ ጭሰኛው ለሌላ ባስገባው ምርት ይሰፍረዋል።

የሙግቱ መሣሪያም ከገበሬው ዓለም የተገኘ ነው። የቤተሰቡ ሴት ልጅ ወላጆቿ እንደ በሬ ተጠምደው ሲያርሱ በሕልሟ ታያለች። መሬቱን የተነጠቀውና እንደ እብድ የሚታየው ከበበ ሌሎች የሚፈሩትን እውነት በአደባባይ ይናገራል፤ በመጨረሻም ባለመሬቱን በዱላ ይገድለዋል። ሕልም ፈቺነትና «እብድ የልቡን ይናገራል» የሚለው እሳቤ በአገሬው የታወቁ ናቸው። ስለዚህ ዶቭዤንኮ ትውፊትን በባቡር ሲተካ፣ ኃይሌ የቤተ መንግሥቱን ትውፊት በገበሬው ትውፊት ይሞግታል።

ንጽጽሩ በሰሜን ሸዋ ለሚደረግ የሥነ ቃል ጥናት ትርጉም አለው። በአንኮበርና በደብረ ብርሃን ዙሪያ የነገሥታቱን ትውፊት የሚሰበስብ ተመራማሪ፣ ያንኑ ዘመን አራሹ በእንጉርጉሮው፣ በቀረርቶውና በሕልሙ እንዴት እንደቆጠረው አብሮ ሊመዘግብ ይገባል። አንዱ ብቻ ከተመዘገበ የሚገኘው የባለሥልጣኑ አቆጣጠር ነው።