ዓይን በድንገት ሲጨልም

አንዳንድ ሰው አንድ ዓይኑ ሳያመው በድንገት ይጨልምበታል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ይበራለታል። «ምች ነው፤ ይኸው ተሻለኝ» ብሎ ይተወዋል። ይህ ግን አደገኛ ነው።

ዓይን እንደ ሌላው አካል ሁሉ ደም የሚያገኘው ከልብ ነው። የደም ግፊት 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ለብዙ ጊዜ ሲቆይ የደም ሥሮች ይጎዳሉ፤ ይጠብባሉ። በአንገት የደም ሥር ወይም በልብ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ጓል ቦይን እንደሚደፍን፣ ከረጋው ደም ቁራጭ ተነሥቶ የዓይንን የደም ሥር ቢደፍን ዓይን ይጨልማል። ነገ ሌላ ቁራጭ ወደ አንጎል ቢሄድስ? እጅና እግር ሽባ ይሆናል፤ አንደበትም ይተሳሰራል።

ስለዚህ ዓይናችን ቢበራም በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ እንሂድ። የደም ግፊታችንን እናስለካ። ጨው እንቀንስ፤ ትምባሆ እንተው።